ሦስተኛው ሚካኤል ላይ ተመለሺ

«ይሄ መርፌ መካን ያደርገኛል ወይ?»

ጣና ዳር በምትገኝ አንዲት ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከዚህ ጥያቄ የበለጠ የሰማሁት የለም። የሚመጣውም ዘግይቶ ነው። ስለ ልጁ ሳል እናወራለን፣ ስለ አጎበሩ እናወራለን፣ ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ትነሣለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ትልና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቀኛለች። «አያደርግሽም» ብሎ መሸኘት ይቻላል። እውነቱ ግን ከአንድ ቃል ረዘም ይላል፤ ረዘም ያለውን ያልነገርናት ሴት ነገ የምትቀየመው እኛን ነው።

ብዙዎቻችን «የሦስት ወር መርፌ» ወይም «ዲፖ» የምንለው መድኃኒት ሙሉ ስሙ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን አሲቴት ነው። አንዱ መርፌ 150 ሚሊ ግራም ይይዛል። የሴቷ አካል ራሱ ከሚሠራው ፕሮጄስትሮን ከሚባለው ሆርሞን ጋር ይቀራረባል። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ጥቂት በጥቂት ወደ ደም ይገባል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ዕንቁላል አይለቀቅም፤ የማሕፀን በር ፈሳሽም ስለሚወፍር የወንዱ ዘር በቀላሉ አያልፍም። መድኃኒቱ ከሰውነት ተሟጦ ሲወጣ ዕንቁላል እንደ ቀድሞው መለቀቅ ይጀምራል። መካን አያደርግም።

ተሟጦ የሚወጣው ግን ቀስ ብሎ ነው። መርፌውን ለማርገዝ ብለው አቁመው ያረገዙ ሴቶች ሲታዩ፣ ከመጨረሻው መርፌ ተቆጥሮ 68 በመቶዎቹ በ12 ወር ውስጥ፣ 83 በመቶዎቹ በ15 ወር ውስጥ፣ 93 በመቶዎቹ በ18 ወር ውስጥ አርግዘዋል። ገሚሶቹ ለማርገዝ ዐሥር ወር ወይም ከዚያ በላይ ጠብቀዋል። ይህን አስቀድማ የሰማች ሴት ሰባተኛው ወር ላይ ሳታረግዝ ብትቀር አትደነግጥም። ያልሰማችው ግን ውኃ ስትቀዳም ገበያ ስትወጣም «መርፌው አመከነኝ» ትላለች፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቀጣዩ ጎጥ ይደርሳል። ስለዚህ «በመጪው ዓመት ልጅ እፈልጋለሁ» ያለችኝን ሴት መርፌ ልትወጋ ብትመጣም እንኳ አስቀምጬ ስለ ክኒንና ስለ ሌሎቹ መከላከያዎች አነጋግራት ነበር። የሚወስነው የእሷ ዕቅድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ወር አበባ ነው። «ደሜ ቀረ፤ ውስጤ ተጠራቅሞ ይሆን?» ይላሉ። የተጠራቀመ ነገር የለም። መርፌው የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን እንዲሳሳ ስለሚያደርግ የሚፈስ ደም አይኖርም። አንድ ዓመት ከተጠቀሙት መካከል ግማሽ ያህሉ የወር አበባ አያዩም፤ ይህም ጤናቸውን አይጎዳም። የሚያስቸግረው የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ጠብ ጠብ የሚል፣ ቀን የማይጠብቅ ደም። የሥልጠና መጽሐፋችን ይህን «የተለመደ የጎንዮሽ ጉዳት» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ዘንድ ግን እንዲህ የሚታለፍ አይደለም። በጣና ዙሪያ፣ ከዘጌ ገዳማት እስከ ደቅ ደሴት፣ የሴቷ ዓመት የተሸመነው በቤተ ክርስቲያን ነው። ደም እያየች ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም። ሃያ ቀን ጠብ ጠብ ያለባት ሴት ሃያ ቀን ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለማለች ማለት ነው። ያ በፍልሰታ ጾም ከዋለ ሐዘኑን አስቡት። አንዲት እናት «እታለም፣ ራስ ምታቱንስ እችለዋለሁ፤ ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ስቀር ግን አልቻልኩም» ብላኛለች። ጾሙ ሊገባ ሲል መርፌ ለመጀመር የምትመጣ ሴት ብትኖር ይህን አስቀድሜ እነግራት ነበር፤ ከፈለገች እስከ ጾሙ ፍቺ በኮንዶም ትቆያለች፣ ካልፈለገችም አውቃው ትጀምራለች። ከሥልጠና ሰነዶቻችን ይህን ያነበብኩበት የለም። ያስተማሩኝ ሴቶቹ ናቸው።

መርፌው እኛ እጅ እንዴት ገባ? የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ነው፤ ግን ለረጅም ጊዜ የከተማ ነገር ሆኖ ቆይቷል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚዎችን ከ4 በመቶ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 44 በመቶ ለማድረስ ሲያስብ፣ የገጠሯ ሴት መርፌ ለመወጋት ነርስ ያለበት ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ነበረባት። የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልጅ ታዝላለች፣ ማሳው ይጠብቃታል፣ «የት ነበርሽ?» የሚላት አለ። በመንደሯ በበጎ ፈቃደኞች የሚታደለው ክኒንና ኮንዶም ብቻ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው በመንግሥት ደመወዝ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆንን። ከሥራችን ጥቅሎች አንዱ የቤተሰብ ምጣኔ ነበር፤ መርፌውም በእጃችን ገባ። «አንድ ዓመት የተማረች ልጅ መርፌ ትወጋለች?» ያሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነበር። መልሱ የመጣው ከሥራው ነው። በባንግላዴሽ ማትላብ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የመንደር ሴቶች ቤት ለቤት ይወጉ ነበር። በኡጋንዳ ናካሶንጎላም ተሞከረ። እኛው አገር ትግራይ ውስጥ ከ2000 እስከ 2001 ዓ.ም. የተደረገና 1,062 ሴቶችን ያካተተ ጥናት ከእኛም ያነሰ ሥልጠና ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ሥራውን በደኅና ማከናወን እንደሚችሉ አሳየ። በሰኔ 2001 የዓለም ጤና ድርጅት ጄኔቫ ላይ በሰበሰበው የባለሙያዎች ጉባኤ፣ ተገቢ ሥልጠና ያገኙ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች መርፌውን ቢሰጡ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ተደረሰ።

ለውጡን በቁጥር ማየት ይቻላል። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች 6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ1997 14፣ በ2003 27፣ በ2008 35፣ በ2011 ደግሞ 41 በመቶ ደረሱ። ከ41ዱ 27ቱ የመርፌ ተጠቃሚዎች ናቸው። በ2008 በአማራ ክልል ተጠቃሚዎቹ 47 በመቶ ነበሩ። እኔ ቁጥሩን ሳይ የሚታየኝ የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ሃያ ደቂቃ ማጠሩ ነው። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የሚወጋው ሰው የሚኖርበት ቦታ ነው።

አወጋጉን ልንገራችሁ፤ ሴቶች እህቶቼ ማወቅና መጠየቅ አለባችሁና። መርፌ ከመነሣቱ በፊት ጥያቄ ይቀድማል። የመጨረሻው የወር አበባ መቼ ነበር? ከወለድሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ታጠቢያለሽ? በእነዚህ ጥያቄዎች ብቻ ሴትዮዋ እርጉዝ አለመሆኗን አብዛኛውን ጊዜ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ምርመራ የለም ተብሎ መመለስ የለባትም። የምታጠባ አራስ ስድስት ሳምንት እስኪሞላት ትቆያለች። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ደም ግፊቷ በጣም ከፍ ያለ፣ ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ትላካለች። ከዚያ ብልቃጡ በደንብ ይወዘወዛል፣ አንዴ ከተጠቀሙበት ዳግም የማይሠራ ስሪንጅ ከማሸጊያው ይወጣል፣ ክንድ ወይም መቀመጫ ላይ ይወጋል። ቦታው አይታሽም። እኛ አገር መርፌ ከተወጉ በኋላ ማሸት ልማድ ነው፤ ይህ መርፌ ግን ሲታሽ ቶሎ ይሰራጭና ዕድሜው ያጥራል። ያገለገለው ስሪንጅ ክዳኑ ሳይመለስ እንደ ተወጋበት ወደ ሴፍቲ ቦክሱ ይገባል።

ቀጥሎ ቀጠሮ ነው። መመለሻው 13 ሳምንት፣ 91 ቀን ነው። ካርድ እንሰጣለን፤ ካርዱን ግን ቤቷ ማስቀመጥ የማትችል ሴት ብዙ ናት፣ ማንበብ የማትችልም ብዙ ናት። የእኛ ወር ደግሞ ከጳጉሜን በቀር ሁሌም ሠላሳ ቀን ነው፤ ሦስት ወር 90 ቀን ይሆናል። ስለዚህ በኅዳር ሚካኤል የተወጋችውን «ታኅሣሥን እለፊ፣ ጥርን እለፊ፣ ሦስተኛው ሚካኤል ላይ ተመለሺ» እላት ነበር። የካቲት 12 ትመጣለች። በማርያም የተወጋችው በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም የተወጋችው በመድኃኔ ዓለም ትመለሳለች። ጳጉሜን መሐል ሲገባ አምስት ስድስት ቀን ይጨመራል፤ እሱም አያሰጋም፤ እስከ አራት ሳምንት የዘገየች ሴት ያለ ሌላ ጥንቃቄ መወጋት ትችላለች፣ ሁለት ሳምንት ቀድማ ብትመጣም ይቻላል። ከአራት ሳምንት በላይ ያለፈባት እርጉዝ አለመሆኗ ተረጋግጦ ትወጋለች፤ ለሰባት ቀን ኮንዶም ትጨምራለች። የዘገየችን ሴት ተቆጥቶ መመለስ ግን በየትም መመሪያ የለም። አንዴ የተቆጧት አትመለስም።

ስለ ባሎች ሳልናገር አላልፍም። ሴቶች ከክኒን ይልቅ መርፌን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ቤት ውስጥ የሚገኝ ፓኬት ስለሌለው ነው። ብዙዎቹ ለእኔ ብቻ የነገሩኝ ነበሩ። ምስጢራቸውን የምጠብቀው በሙያዬም በሕገ መንግሥቱም ነው፤ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና ዐቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሴቷ ራሷ ስትጠይቀኝ ግን ባሏን ማሳ ድረስ ሄጄ አነጋግሬያለሁ። የአንዱ ፍርሃቱ ሚስቱ ትባልጋለች ብሎ አልነበረም፤ በአራት ልጅ ላይ አምስተኛ ሲወልዱ እናቱ እንደ ሞቱበት አጫወተኝና፣ «መርፌው ደግሞ ሌላ በሽታ አምጥቶ ቢነጥቀኝስ?» አለኝ። ያንን ሰው «ኋላ ቀር» ብዬ ብሄድ ኖሮ ምን እጠቅም ነበር? የንስሐ አባቶችንም ቢሆን በጀርባ ከማለፍ ቀርቦ ማነጋገርን እመርጣለሁ። ሁሉም አይስማሙም። የእናት ሞትና በልጅነት የመውለድ ጉዳት ግን እነሱም በየቤቱ የሚያዩት ነው። በልጅነት ተድረው ምጥ የጎዳቸውን የሚያክም የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል እዚሁ ባሕር ዳር አለ።

መርፌው ኤችአይቪን አይከላከልም። ያጋልጣል የሚል ስጋትም ለዓመታት ነበረ። በኢስዋቲኒ፣ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዛምቢያ 7,829 ሴቶችን ያሳተፈና ውጤቱ በሰኔ 2011 የወጣ ጥናት መርፌውን ማሕፀን ውስጥ ከሚቀመጠው ሉፕና ከክንድ ቆዳ ሥር ከሚቀበር መከላከያ ጋር አወዳድሮ በኤችአይቪ መያዝ ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ኮንዶም ግን አሁንም ያስፈልጋል።

አሁን ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ የሚያሳስበኝ የሴቶቹ ፈቃደኝነት አይደለም። በቀጠሮዋ ቀን መጥታ ብልቃጥ የምታጣዋ ሴት ናት። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይውጠዋል፤ ሐይቁ ሲናወጥ ከደቅ ጀልባ አይነሣም፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ይዘጋል። የሦስት ወር መከላከያ በሦስተኛው ወር ካልተገኘ ለሴትዮዋ ያልታቀደ እርግዝና ነው፤ ሪፖርት ላይ ግን «አቋርጣለች» ተብሎ በስሟ ይጻፋል። ይህ አጻጻፍ ያመኛል።

ለእነዚህ ሴቶች መፍትሔ የሚሆን መርፌ አለ። ያው መድኃኒት በ104 ሚሊ ግራም፣ ከመርፌው ጋር አብሮ ተሞልቶ በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት የሚመጣ ነው። የሚወጋው ጡንቻ ውስጥ ሳይሆን ከቆዳ ሥር ስለሆነ ሴቷ ተምራ ራሷን ልትወጋበት ትችላለች፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ዓ.ም. ይህንኑ መክሯል። ማቀዝቀዣ አይፈልግም። የሚያስፈልገው የሚያስተምራት ሰው፣ ያገለገለውን መርፌ አኑራ የምትመልስበት ክዳን ያለው ዕቃ፣ ሲጨንቃት የምትደውልለት ባለሙያ ነው። አንድ ጊዜ እዚህ ተወግታ ሁለት መርፌ ይዛ ወደ ደቅ የምትመለስ እናት ለዘጠኝ ወር ጀልባ አትጠብቅም።