የክረምት ማለዳዎችን ለሕፃናት የአካል እንቅስቃሴ ማዋል

የትምህርት ዘመኑ ሲጠናቀቅ ተማሪዎች እስከ አዲሱ ዓመት መባቻ የሚዘልቅ የክረምት ዕረፍት ያገኛሉ። ዕረፍቱ የሚሰጠው ጠቀሜታ የማያጠያይቅ ቢሆንም ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሮ የሚቋረጥ አንድ ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። ይኸውም ሕፃናት በየዕለቱ ሳያስቡት የሚያደርጉት የአካል እንቅስቃሴ ነው። ከቤት ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ የሚደረገው የእግር ጉዞ፣ በዕረፍት ሰዓት በግቢ ውስጥ የሚደረገው ሩጫና የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ሊያደርጉ ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ ጡንቻና አጥንትን የሚያጠናክሩ እንቅስቃሴዎችን በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲያደርጉ ይመከራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ሩጫ፣ የኳስ ጨዋታና ገመድ ዝላይ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። እንቅስቃሴው ለልብ፣ ለአጥንትና ለጡንቻ ጤንነት ከመርዳቱም በላይ ለአእምሮ ጤናና ለትምህርት አቀባበል ጠቃሚ መሆኑ ተረጋግጧል።

ይሁንና ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገው ጥናት እንደሚያመለክተው፣ በ2016 ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆኑ የዓለም ተማሪዎች 81 በመቶ የሚሆኑት የተጠቀሰውን ያህል አይንቀሳቀሱም ነበር። አኃዙ በወንዶች 78 በመቶ ሲሆን በሴቶች 85 በመቶ ነው።

በአገራችን ችግሩ በይበልጥ የሚታየው በከተሞች ነው። የገጠር ሕፃናት በክረምት ከብት በመጠበቅና በአረም ሥራ ወላጆቻቸውን ስለሚያግዙ የሚጎድላቸው እንቅስቃሴ ሳይሆን ዕረፍትና ጨዋታ ነው። የከተማ ሕፃናት ግን በዝናቡ ምክንያት በቤት ውስጥ ተወስነው ቀኑን በቴሌቪዥንና በተንቀሳቃሽ ስልክ ፊት ያሳልፋሉ። ሴት ልጆች ደግሞ የቤት ውስጥ ሥራ ስለሚደራረብባቸው ለጨዋታ የሚተርፋቸው ጊዜ አነስተኛ ነው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የሰዓት ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ በአመዛኙ የሚጥለው ከቀትር በኋላ በመሆኑ ለጨዋታ የሚመቸው ረፋዱ ነው። ይህ ሰዓት ግን ወላጆች በሥራ ገበታቸው ላይ የሚገኙበት ነው። ሠራተኛው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ከቢሮ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ መሬቱ ረጥቦ፣ ቀኑም መሽቶ ይጠብቀዋል። ስለሆነም ጉዳዩን ለወላጅ ብቻ በመተው መፍትሔ ማግኘት አይቻልም።

ለዚህም ቀዳሚው አማራጭ በዕረፍቱ ወቅት ተዘግተው የሚከርሙ የትምህርት ቤት ግቢዎችን መጠቀም ነው። ግቢው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቢከፈትና ኃላፊነት የሚወስድ ተቆጣጣሪ ቢመደብለት ለአካባቢው ሕፃናት በቂ ይሆናል። ዝናብ ሲጥል አዳራሽ ወይም ወንበሮቹ ወደ ጥግ የተሰበሰቡበት የመማሪያ ክፍል ሊያገለግል ይችላል። ለሴት ልጆች የተለየ ሰዓት መመደብና አካል ጉዳተኛ ሕፃናት የሚሳተፉባቸውን ጨዋታዎች ማካተትም ከዕቅዱ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ተግባሩ ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ አባሮሽና ድብብቆሽ ከጠመኔና ከገመድ ያለፈ ወጪ የላቸውም። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር የሚዘለል በመሆኑ የሰውነት ሚዛንን ያዳብራል፤ ገመድ ዝላይም በጠባብ ቦታ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ሕፃናት በክረምት ከሚሞሉ ወንዞችና ክፍት የውኃ መውረጃ ቦዮች እንዲሁም ተሽከርካሪ ከሚበዛባቸው መንገዶች ሊርቁ ይገባል። ነጎድጓድ ሲሰማ ዛፍ ሥር ከመጠለል ይልቅ ወደ ቤት መግባት ተገቢ ነው። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ደግሞ የሐኪም ምክር ሊያገኙ ይገባል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ሕፃናት የማረፍና የመጫወት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ መብት በተግባር የሚገለጸው ሕፃናቱ የሚጫወቱበት ቦታና ሰዓት ሲያገኙ ነው። በመሆኑም የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ የወረዳና የቀበሌ አስተዳደሮች የክረምት ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ የግቢዎቹን በር የሚከፍተው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚከፈት አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል።