የወጣቶችን የፍቅር ኮሜዲ በጥንቱ ሚዛን

አንድን አስቂኝ የፍቅር ፊልም አይታችሁ ስትወጡ፣ «አሣቀኝ» ወይም «አላሣቀኝም» ብላችሁ ፍርድ ትሰጡ ይሆናል። ይህ የስሜት ምስክርነት እንጂ ሒስ አይደለም። ሒስ የሚሆነው ሣቁ ከምን እንደ መነጨና በማን ላይ እንዳረፈ ስትጠይቁ ነው። ለዚህም የጥንት ግሪኮች ሚዛን ትተውልናል።

አሪስቶትል ስለ ሥነ ግጥም በጻፈው መጽሐፍ እንደሚያስረዳው፣ ኮሜዲ ከአማካዩ ሰው ያነሱ ሰዎችን ያሳያል። ማነሳቸው ግን በክፋት ሁሉ አይደለም፤ በሚያስቅ ጉድለት ብቻ ነው። የሚያስቅ ጉድለት ማለትም ሥቃይንና ጥፋትን የማያስከትል ስሕተት ወይም አስቀያሚነት ነው። ለዚህ የሰጠው ምሳሌ የኮሜዲ ተዋንያን ጭምብል ነው፤ ፊቱ አስቀያሚና የተጣመመ ነው፣ ሕመም ግን አይታይበትም። ይህችን የመጨረሻ ሐረግ ልብ በሉ።

ጥቂት ዘግይቶ የተነሣው ሜናንድሮስ ደግሞ የፍቅር ኮሜዲን የታሪክ መንገድ ቀየሰ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ316 በአቴና በቀረበው «ነጭናጫው» በተባለው ተውኔቱ፣ አንድ ወጣት አንዲት ልጃገረድን ይወዳል፤ ሰው የሚጠላው አባቷ ክኔሞን ግን እንቅፋት ይሆናል። ሽማግሌው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ በእንጀራ ልጁ እጅ ከዳነ በኋላ እልኹን ይተዋል፤ ነገሩም በሠርግ ይፈጸማል። ሮማዊው ፕላውተስ በበኩሉ ጉረኛውን ወታደርና ብልሁን ባሪያ በመድረክ ላይ አሳየ።

አሁን ጊል ጃንገር ያዘጋጀውን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «ስላንተ የምጠላቸው ዐሥር ነገሮች» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም እንመልከት። ፊልሙ የተወሰደው ሼክስፒር በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከጻፈው «የአመለኛዪቱ መገራት» ነው። የሁለት ልጃገረዶች አባት የሆነው ሐኪም፣ ትልቋ ካት የወንድ ጓደኛ ካልያዘች ታናሿ ቢያንካ አትይዝም ብሎ ይደነግጋል። ቢያንካን የወደደው ካሜሮንና ዘዴኛው ጓደኛው ማይክል፣ ጉረኛው ጆይ ለፓትሪክ ገንዘብ እየከፈለ ካትን እንዲያግባባለት ያደርጋሉ። እንቅፋቱ አባት፣ ብልሁ ዘዴኛ፣ ጉረኛው፤ ሁሉም የጥንቱ ሰዎች ናቸው፤ የተለወጠው ልብሳቸው ብቻ ነው። አባትየው ቢያንካ ወደ ድግስ ልትሄድ ስትል የእርጉዝ ሆድ የሚመስል ነገር ሲያስታጥቃት እንስቃለን፤ ፍርሃቱ ከልክ ያለፈ ነው፣ የሚጎዳው ግን የለም።

የካት ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በመጀመሪያ ቁጣዋ ያስቀናል። ኋላ ግን እናቷ ከቤት በወጣችበት ሰሞን፣ በዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ ጆይ ቀርቧት አልቀጥልም ባለች ጊዜ ጥሏት እንደ ሄደ ለእኅቷ ትነግራታለች። እንግዲህ ጭምብሉ ሕመም ነበረበት። በሼክስፒር ተውኔት ፔትሩኪዮ ሚስቱን ምግብና እንቅልፍ እየነሣ ይገራታል፤ በአሪስቶትል ሚዛን ይህ ከሣቅ ወሰን ያለፈ ሥቃይ ነው። ፊልሙ መግራቱን አስቀርቶ ሣቁን ከካት ወደ ጆይ ማዞሩ፣ በእኔ ግምት፣ ከታላቁ ደራሲ ይልቅ ለጥንቱ ሕግ ታማኝ አድርጎታል። ይህን ማለት ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ሁለቱን አስተያይታችሁ ፍረዱ።

ጉድለቱ ያለው በፍጻሜው ነው። ፓትሪክ ገንዘብ ተቀብሎ እንደ ቀረባት ካት በዳንሱ ምሽት ታውቃለች፤ በክፍል ውስጥ ግጥሟን ስታነብም ታለቅሳለች። ሥቃዩ እውነተኛ ነው። ፓትሪክ ግን በዚያው ገንዘብ ጊታር ገዝቶላት ወዲያው ይታረቃሉ። የጥንቱ ሕግ የደስታ ፍጻሜን ይፈቅዳል፤ እዚህ ግን እርቁ ከበደሉ ያነሰ ሆኖ ይታያል። ጸሐፊዎቹም ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ባጠፋ ቁጥር ጊታር እየገዛ ሊያልፍ እንደማይችል ካት ራሷ ትነግረዋለች። እርሱም ሌሎች የሙዚቃ መሣሪያዎች መኖራቸውን በቀልድ ይመልስላታል። እኛም እንስቃለን፤ የካት አቤቱታ ግን መልስ ሳያገኝ ፊልሙ ያልቃል።