ትሪፕቶፋን ሲፈርስ፦ የኪኑሬኒን መንገድ በአንጎልና በበሽታ መከላከያ ሥርዓት ላይ ያለው ሚና

ትሪፕቶፋን የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው ከማይችላቸውና ከምግብ ከሚያገኛቸው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው የሴሮቶኒን ጥሬ ዕቃ በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ሴሮቶኒን የሚለወጠው እጅግ ጥቂቱ ሲሆን፣ ከሚፈርሰው ትሪፕቶፋን 95 በመቶ ያህሉ የኪኑሬኒን መንገድ በሚባለው የኬሚካላዊ ለውጦች ሰንሰለት ያልፋል። የሰንሰለቱ የመጨረሻ ውጤት ለሕዋሳት የኃይል ምርት የግድ አስፈላጊ የሆነው ኤንኤዲ ነው። በመካከል የሚፈጠሩት ውህዶች ግን ተራ ተረፈ ምርቶች ሳይሆኑ የነርቭና የመከላከያ ሕዋሳትን ተግባር የሚለውጡ ናቸው።

የመንገዱን በር የሚከፍቱት በዋናነት ሁለት ኢንዛይሞች ናቸው። ቲዲኦ በብዛት በጉበት የሚገኝ ሲሆን፣ በጭንቀት ጊዜ የሚጨምረው ኮርቲሶል ያነቃቃዋል። አይዲኦ በበኩሉ በተለያዩ የአካል ክፍሎች የሚገኝ ሲሆን፣ ዋነኛ ቀስቃሹ ኢንተርፌሮን ጋማ ነው። በመሆኑም በኢንፌክሽን ወቅት በደም ውስጥ ትሪፕቶፋን ይቀንሳል፤ ኪኑሬኒን ይጨምራል። የሁለቱ ምጣኔም የመከላከያ ሥርዓቱን መነቃቃት ለመለካት ያገለግላል።

የዚህ መነቃቃት አንዱ ጥቅም ተሕዋስያንን ምግብ መንሳት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኢንተርፌሮን ጋማ በሰው ሕዋሳት ውስጥ የቶክሶፕላዝማን መራባት የሚገታው ትሪፕቶፋንን በማስፈረስ መሆኑን አሳይቷል። ይኸው መሣሪያ ግን የመከላከያ ሥርዓቱን ራሱን ይገታል፤ የትሪፕቶፋን እጥረት የቲ ሕዋሳትን መባዛት ሲያቆም፣ ኪኑሬኒን ደግሞ ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት እንዲበራከቱ ያደርጋል። በ1998 እ.ኤ.አ. በነፍሰ ጡር አይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ አይዲኦ ሲታገድ፣ የእናቲቱ ቲ ሕዋሳት የአባቱን ዘረ መል የያዘውን ጽንስ አጥቅተው አስወርደውታል።

ኪኑሬኒን በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር ያልፋል። ከዚያ በኋላ ዕጣው የሚወሰነው በሚቀበለው ሕዋስ ነው። አስትሮሳይቶች ኪኑሬኒክ አሲድ ያደርጉታል፤ ይህም ኤንኤምዲኤ የተባሉትን የግሉታሜት ተቀባዮች ይገታል። ማይክሮግሊያ ግን እነዚያኑ ተቀባዮች የሚያነሣሣውን ኩዊኖሊኒክ አሲድ ያመነጫሉ፤ መጠኑ ሲበዛ ከልክ ያለፈ ካልሲየም ወደ ነርቭ ሕዋሱ ገብቶ ይጎዳዋል። ከኤችአይቪ ጋር የተያያዘ የአእምሮ መዳከም ባለባቸው ሕሙማን የአንጎልና የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ይህ አሲድ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ ማለት ኪኑሬኒክ አሲድ ሁልጊዜ ጠባቂ ነው ማለት አይደለም፤ በስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ፈሳሽ ውስጥ ጭማሪ የታየው በእሱ ነው። ወሳኙ ሚዛኑ ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ ሕክምና ሲሻገር ፈተና ገጥሞታል። በርካታ ዕጢዎች አይዲኦን ተጠቅመው ከቲ ሕዋሳት ጥቃት ስለሚያመልጡ፣ ኢንዛይሙን የሚያግደው ኤፓካዶስታት ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ተጣምሮ በሜላኖማ ሕሙማን ላይ ተሞከረ። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ውጤት ግን ጥምረቱ ከፔምብሮሊዙማብ ብቻ የተሻለ አለመሆኑን አሳየ። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ አይዲኦ ቢታገድም ቲዲኦና ሌሎች ኢንዛይሞች ትሪፕቶፋንን ማፍረሳቸውን ይቀጥላሉ የሚል ነው።

ሚዛኑን ለመለወጥ ግን በሩን መዝጋት ብቸኛው አማራጭ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ የታተመ ጥናት የሠለጠነ ጡንቻ ኪኑሬኒንን ወደ ኪኑሬኒክ አሲድ እንደሚለውጥና ይህም አይጦቹን ጭንቀት ከሚያስከትለው የድባቴ መሰል ባሕርይ እንደሚጠብቅ አመልክቷል። በደም ውስጥ የተፈጠረ ኪኑሬኒክ አሲድ አጥሩን በቀላሉ ስለማያልፍ፣ ወደ አንጎል የሚገባው ኪኑሬኒን ይቀንሳል። ከዚህ የሚከተለው ለምርምር ዘዴም ይጠቅማል፤ በደም የተለካ የኪኑሬኒክ ወይም የኩዊኖሊኒክ አሲድ መጠን በአንጎል ውስጥ ያለውን በቀጥታ አያሳይም። ስለዚህ ውህዱ የት እንደ ተመረተና የት እንደ ተለካ ለይቶ ያልገለጸ ጥናት ስለ አንጎል ድምዳሜ ለመስጠት በቂ መሠረት የለውም።