ትልቁ ኤም እና ትንሹ ኤም

በእኛ ፊደል «ሀ» በዓረፍተ ነገር መነሻም ሆነ መካከል ቢውል ያው «ሀ» ነው። ምናልባትም ስለዚህ የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ መሆኑን እንደ ጌጥ ብቻ የመቁጠር ዝንባሌ አለን። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዝንባሌ አንድ ሴሚስተር አስከፍሎናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት መምህራን አንድ የእንግሊዝኛ የቤተ ሙከራ መምሪያ በጋራ አዘጋጀን። አንዱ ርእሶቹን በሙሉ በትልልቅ ፊደላት ይጽፋል፤ ሁለተኛው የየቃሉን መነሻ ያተልቃል፤ ሦስተኛው የመጀመሪያውን ቃል መነሻና የተጸውዖ ስሞችን ብቻ፤ አራተኛው (እርሱም ይህ ጸሐፊ ነው) እንደ ዕለቱ ስሜት። አርታኢ የሆነው ባልደረባችን መምሪያው አንድ መልክ እንዲይዝ በማሰብ ርእሶቹን ሁሉ በአንድ የኮምፒውተር ትእዛዝ ወደ ትልልቅ ፊደላት ለወጣቸው። ገጹ አማረ።

ከርእሶቹ አንዱ ግን ስለ 10 ሚሊ ኦም ሬዚስተር የሚናገር ነበር። በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ከመለኪያው ምልክት በፊት የሚገባው ትንሹ ኤም ሚሊ፣ ማለትም አንድ ሺህኛ ሲሆን፣ ትልቁ ኤም ሜጋ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን ነው። በመካከላቸው የአንድ ቢሊዮን እጥፍ ልዩነት አለ። የግዢ መጠየቂያው ከርእሱ ተገለበጠ፤ የመጡትም 10 ሜጋ ኦም ሆኑ። በ10 ሚሊ ኦም ውስጥ 1 አምፔር ሲያልፍ በጫፎቹ መካከል 10 ሚሊ ቮልት ይለካል። በ10 ሜጋ ኦም ላይ ግን 10 ቮልት ቢሰጥ የሚያልፈው 1 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነው። የተማሪዎቻችን አምፔር መለኪያ ከዜሮ ንቅንቅ አላለም፤ ሙከራውም ለቀጣዩ ሴሚስተር ተላለፈ።

ከዚያ በኋላ የትኛውን ስልት እንምረጥ ብለን ተከራከርን። ሁሉንም ማተለቅ ወዲያው ወደቀ። የየቃሉን መነሻ ማተለቅ ደጋፊ ነበረው፤ ነገር ግን ትንንሾቹን ቃላት ምን እናድርጋቸው? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር መመሪያ አራትና ከዚያ በላይ ፊደላት ያለውን ቃል ሁሉ ያተልቃል። የቺካጎው መመሪያ መስተዋድዶችን ርዝመታቸው ምንም ቢሆን ሲያሳንስ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 18ኛ እትሙ አምስትና ከዚያ በላይ ፊደላት ያሏቸውን ማተለቅ ጀመረ። ባለሙያዎቹ ያልተስማሙበትን አራት የፊዚክስ መምህራን በየርእሱ እየቆጠሩ ይጠብቁታል ማለት ዘበት ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ስምን መሸሸጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 በኤድዊን ሆል የተገኘው የሆል ክስተት በዚህ ስልት ሲጻፍ፣ ጀማሪ ተማሪ ሆል የሰው ስም ይሁን አዳራሽ አይለይም።

ስለዚህ ሦስተኛውን መረጥን። ብዙ እጆች የሚጽፉት ዊኪፒዲያም በእንግሊዝኛ ገጾቹ የሚከተለው ይህንኑ ነው። እርግጥ ነው፣ ርእሱ ከጽሑፉ ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ለዚያ ደማቅ ቀለም አለ። መለኪያዎችም የራሳቸውን ሕግ ይዘው ይቀራሉ፦ ኒውተን እንደ መለኪያ በቃል ሲጻፍ በትንሽ ፊደል፣ ምልክቱ ግን በትልቅ ነው። ሊትር ብቻ፣ ትንሹ ኤል ከአኀዝ 1 ጋር ስለሚምታታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በሁለቱም እንዲጻፍ ተፈቅዶለታል። አንድ ጥንቃቄም ጨመርን፤ በርእስ ውስጥ መለኪያ በምልክት ሳይሆን በሙሉ ቃል ይጻፋል።

እነዚያ ሬዚስተሮች አልተጣሉም። ከ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጋር ሲገናኙ የጊዜ ቋሚው 100 ሰከንድ ስለሚሆን፣ ዛሬ ተማሪዎች የካፓሲተርን መራገፍ የእጅ ሰዓት ይዘው ይከታተሉባቸዋል።