ያውቁ ኖሯል? ዓይንን የሚቆጠቁጠው ብዙ ጊዜ መርፌው ሳይሆን አዮዲኑ ነው

በስኳር በሽታ ወይም በዕድሜ ሳቢያ ሬቲናቸው ለተጎዳ ሰዎች እንደ አቫስቲን ያሉ መድኃኒቶች ዓይን ውስጥ በመርፌ ይሰጣሉ። ከሰዓታት በኋላ አሸዋ የገባ ያህል የሚቆረቁረው ግን አብዛኛውን ጊዜ መርፌው አይደለም። መርፌው የሚወጋው ነጩ ላይ፣ ከጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርቆ ነው፤ ቁርቁሩ ደግሞ የዓይኑን ፊት ሁሉ ያዳርሳል፣ በ1 ወይም 2 ቀንም ይለቃል። ይህ አስቀድሞ ከሚንጠባጠበው ፖቪዶን አዮዲን ጠባይ ጋር ይገጥማል፦ ጀርም ይገድላል፣ የዓይንን ገጽ ግን ያስቆጣል። «ታዲያ ለምን አይቀርም?» ቢባል፣ ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን የዓይን ብርሃን ሊያጠፋ ይችላል፤ ቁርቁር ያልፋል። የሚያዋጣው አዮዲኑን ማስቀረት ሳይሆን ከመርፌው በኋላ በደንብ እንዲታጠብ መጠየቅ ነው።

እንደ ጅግጅጋና ቶጎ ውጫሌ ባሉ ከተሞች ደረቁ ነፋስና አቧራው ቁርቁሩን ያባብሳሉ፤ የቤት ዕጣን ጭስም እንዲሁ (ለጥቂት ቀን ቢቀር ማንም አይቀየምም)። መከላከያ ኬሚካል የሌለው አርቲፊሻል እንባና በንጹሕ ጨርቅ ከተጨፈነው ዓይን ላይ የሚደረግ ቀዝቃዛ ነገር ይረዳሉ። ማሸት፣ ኩልና ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ የስቴሮይድ ጠብታ ግን ይጎዳሉ። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከባሰ፣ ዕይታ ከደበዘዘ ወይም ብርሃን ማየት ካስቸገረ፣ ጠብታ መሞከር ቀርቶ በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።