ከታቃፊ ዶሮ እስከ መፈልፈያ ማሽን፦ በመቱ ጓሮ የሚፈለፈሉ ጫጩቶች

በኢሉባቦር ዶሮ ለማስታቀፍ ወቅት ይመረጣል። መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙና ያዮ ያሉበት አካባቢ በአገሪቱ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ክረምቱም ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። ጭቃ በሞላበት ጓሮ የሚፈለፈል ጫጩት ብርድ ይመታዋል፣ በሽታም ቶሎ ያገኘዋል። ስለዚህ ልምድ ያላት ባለቤት ዶሮዋ በክረምት ልታቀፍ ብትል እንኳ ትከለክላታለች፤ የምታስታቅፋት ሰማዩ ሲጠራ ነው።

ለመታቀፍ የደረሰች ዶሮ ምልክቷ ግልጽ ነው። እንቁላል መጣል ታቆማለች፣ ከጎጆዋ አልነሳም ትላለች፣ እጅ ሲቀርባት ላባዋን ነፍታ ትቆጣለች። ባለቤቷ በጭድ የተሞላ ቅርጫት ወይም አፉ የሰፋ የሸክላ ዕቃ ጨለም ያለ ጥግ ላይ አስቀምጣ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ታስታቅፋታለች። ዶሮዋ የደረቷን ላባ ታሳሳለች፤ ሙቀቱ ከቆዳዋ በቀጥታ ወደ ቅርፊቱ ያልፋል። በቀን ብዙ ጊዜ በመንቆሯ እያገላበጠች ዳር የነበረውን ወደ መሃል፣ መሃል የነበረውን ወደ ዳር ታመጣለች። ለመብልና ለመጠጥ ለጥቂት ደቂቃ ወርዳ ትመለሳለች። ይህን 21 ቀን ትፈጽማለች።

ሥራው ከእንቁላል መረጣ ይጀምራል። ከሱቅ የሚገዛው የፈረንጅ እንቁላል አብዛኛው አውራ ዶሮ ከሌለበት እርባታ የመጣ ስለሆነ ሽል የለውም፤ ስንት ቀን ቢታቀፍም አይፈለፈልም። ለመፈልፈል የሚሆነው አውራ ካለበት መንጋ የተሰበሰበ፣ መጠኑ መካከለኛ፣ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ እንቁላል ነው። የቆሸሸውን ማጠብ አይመከርም፤ ውሃው በቅርፊቱ ላይ ያለውን መከላከያ ሽፋን አንስቶ ለጀርም በር ይከፍታል። እንቁላሉ ሰፊው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይጠራቀማል፤ ከሳምንት በላይ ከቆየ የመፈልፈል ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል።

ለእንቁላል ተብለው የተዳቀሉት የፈረንጅ ዶሮዎች የመታቀፍ ጠባያቸው በእርባታ ምርጫ ጠፍቷል። የእነርሱን ዘር የሚፈልግ ሰው እንቁላሉን ለሀበሻ ዶሮ ያስታቅፋል፣ አለዚያም ማሽን ይገዛል።

እንቁላልን ያለ ዶሮ መፈልፈል የቆየ ጥበብ ነው። ግብፃውያን ከጥንት ጀምሮ በጭቃ ጡብ በተሠሩ ትላልቅ ምድጃዎች እንቁላል ይፈለፍሉ ነበር። ሠራተኞቹ ሙቀቱን የሚለኩት እንቁላሉን የዓይናቸው ቆብ ላይ በማስነካት ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኦሙር እ.ኤ.አ. በ1749 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዘዴ ለአውሮፓ አስተዋውቋል። የዛሬው አነስተኛ ማሽን ያንኑ ሥራ በኤሌክትሪክ ይሠራል። ማራገቢያ ያለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን በ50 እና በ55 በመቶ መካከል፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ደግሞ ከ65 በመቶ በላይ እንዲሆን ይደረጋል። ኢሉባቦር ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት ወር በማሽኑ መያዣ ላይ ብዙ ውሃ መጨመር ጉዳት አለው፤ እንቁላሉ በቂ ውሃ ካልተነነለት ጫጩቱ ለመተንፈሻ የሚሆን ቦታ ያጣል።

መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ከፍቶ ማየት ሙቀቱን ያባክናል። ክዳኑን ዘግቶ በብርድ ልብስ መሸፈን፣ የአየር መግቢያውን ግን አለመድፈን ይበጃል። ሽሉ ለጥቂት ሰዓት ቅዝቃዜ ይችላል፤ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ግን ቶሎ ይገድለዋል።

በ7ኛው ቀን ማታ ክፍሉ ይጨልምና እንቁላሉ በስልክ ባትሪ ይመረመራል። ብርሃኑ በሰፊው ጫፍ በኩል ሲያርፍ ሽል የያዘው እንቁላል ቀላ ብሎ ይታያል፤ ከአንዲት ጥቁር ነጥብ የሚነሱ ቀጫጭን የደም ሥሮች በየአቅጣጫው ተዘርግተዋል፣ ትንሽ ቢጠብቁ ነጥቧ ስትንቀሳቀስ ይታያል። እንደ ጨረቃ ጠርቶ የቀረው ሽል የለውም። የደም ቀለበት ብቻ የሚታይበት ደግሞ ጀምሮ የሞተ ነው፤ ከቆየ ስለሚገማ ይወጣል።

ማገላበጥ የወፍ እንቁላል ግዴታ ነው፤ ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። በኢትዮጵያ ቆላማ ቦታዎች የሚገኘው የኤሊ እንቁላል ግን ተቃራኒው ነው፤ ሽሉ ከላይኛው የቅርፊት ክፍል ላይ ስለሚያርፍ ቢገላበጥ ሊሞት ይችላል። ወንድ ወይም ሴት መሆኑንም የሚወስነው የአፈሩ ሙቀት ነው። የጫጩት ጾታ ግን እናቲቱ እንቁላሉን ከመጣሏ በፊት የተወሰነ ነው፤ ሙቀት በማስተካከል ቄብ ማብዛት አይቻልም።

በ18ኛው ቀን ማገላበጥ ይቆማል። በ20ኛው ቀን ገደማ ጫጩቱ በሰፊው ጫፍ ያለውን የአየር ኪስ ወግቶ በሳንባው መተንፈስ ይጀምራል፤ ጆሮ ለሚያስጠጋ ሰው ድምፁ ይሰማል። ከዚያም በመንቆሩ ጫፍ ባለች ጠንካራ እሾህ መሰል ነገር ቅርፊቱን ይሰብራል። ከመጀመሪያው ስንጥቅ እስከ መውጣት ግማሽ ቀን እና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ለመርዳት ብሎ ቅርፊቱን መላጥ ደም ያፈሳል፤ የቀረው አስኳልም ወደ ሆዱ ገብቶ አላበቃም። ይህ አስኳል ጫጩቱን ሁለትና ሦስት ቀን ያለ መኖ ያቆየዋል፤ የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ተጭኖ ከከተማ ከተማ የሚጓዘውም ለዚህ ነው።

ብዙ ጫጩት የሚያልቀው ግን ከተፈለፈለ በኋላ ነው። በገጠር ጓሮ ከሚፈለፈሉት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው በብርድ፣ በጭልፊት፣ በሸለመጥማጥና በፈንግል ያልቃሉ። ለብርዱ በጎረቤት ጅማ በእርሻ ኮሌጁ የተሞከረ ርካሽ መላ አለ፤ የጭድ ሳጥን ይባላል። ከጣውላ በተሠራ ሳጥን መሃል ለጫጩቶቹ ክብ ቦታ ይተዋል፤ ዙሪያው በደረቅ ጭድ ይጠቀጠቃል፣ ላዩም በጭድ ትራስ ይከደናል። መብራትም ከሰልም አያስፈልገውም፤ ጫጩቶቹ የሚሞቁት ከሰውነታቸው በሚወጣው ሙቀት ነው። ቀን በሽቦ በታጠረ መሮጫ ውለው ማታ ይገቡበታል። ጭዱ ሲረጥብ መለወጥ አለበት።

ፈንግልን የሚያስቆመው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ይወስዱታል፣ በኋላም ይደገምላቸዋል። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ጥቂት ጫጩት ያላቸው ጎረቤቶች ቀን ቆርጠው በአንድነት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢጠሩ ወጪው ይቀልላቸዋል። ጫጩቶቿ ወደ ጭድ ሳጥን የገቡባት እናት ዶሮም ለወራት ስትከተላቸው መክረሟ ቀርቶ ቶሎ ወደ እንቁላል መጣል ትመለሳለች፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ለምትጥል የሀበሻ ዶሮ ይህ ለቤቱ ትልቅ ጭማሪ ነው።