ተጨማሪ መረጃ፦ ከሞላው በፊት ሾክ አብዞርበሩ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሚመላለሰው ቶዮታ ቪትዝ ለውድድር ተብሎ አልተሠራም። ሆኖም ለሕዝብ ትራፊክ በተዘጋ ሜዳ ላይ ሊሞክረው የሚፈልግ ጀማሪ በመጠነኛ ወጪ አያያዙን ማሻሻል ይችላል።

ሞላ ክብደት ይሸከማል፤ ሾክ አብዞርበር ደግሞ የሞላውን መንጠር ያበርዳል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው በፍተሻ ነው። የመኪናው አንድ ጥግ በእጅ ወደ ታች ተጭኖ ይለቀቃል፤ ደጋግሞ ከነጠረ ወይም የሾክ አብዞርበሩ አካል በዘይት ከራሰ፣ መቀየር አለበት። የሚቀየረውም ግራና ቀኙ በአንድነት ነው፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪናው ኩርባ ላይ ይዛባል። ቀጥሎ የተሰነጠቁ ቡሾችና ያለቁ ጎማዎች ይታያሉ።

መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሞላ መቁረጥ ርካሽ ቢመስልም አደገኛ ነው፦ ሞላው ይጠነክራል፣ የመጨመቂያ ርቀቱም ያጥራል። ጎማው ከመሬት ሲነሳም ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።